ጥናት ግቡ ስትባሉ፦ ከፊርማው በፊትና በኋላ

ሆስፒታል የተኛ ወንድማችሁ ደውሎ «ጥናት ውስጥ ግባ ብለውኛል፤ ምን ይሻላል?» ቢላችሁ፣ «ግባ» ወይም «አርፈህ ውጣ» ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሐኪሙን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ «ባልገባስ ምን ሕክምና አገኛለሁ?» ይህ በግልጽ ካልተነገረው የእናንተም ምክር፣ የእሱም ፊርማ በጭፍን ነው።

እኔ የምርምር ነርስ ነኝ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ የካላ አዛር ታማሚዎች በሚተኙበት ክፍል እሠራለሁ፤ ካላ አዛር የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው። የስምምነት ቅጽ ማስረዳት፣ መድኃኒት ማዋጥ፣ ከቀጠሮው የቀረ ታማሚ በስልክ ማፈላለግ የዘወትር ሥራዬ ነው። ታማሚዎቻችን በአብዛኛው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ወርደው፣ በአሸዋ ዝንብ ተነክሰው፣ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏቸው፣ ሰውነታቸው ከስቶ ሆዳቸው ተነፍቶ የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። በሽታው ካልታከመ ይገድላል። የጥናቱ ጥያቄ የሚቀርብላቸው እንግዲህ በዚህ ድካም ላይ እያሉ ነው። አብሯቸው የሚያስብ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ከተማ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። የምጽፈው ለእናንተ ነው። በሽታውም አገሩም ቢለያይ ጥያቄዎቹ ብዙም አይለወጡም።

ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ሲስተር፣ አዲሱ መድኃኒት ይሻላል?» ብሎ ነው። ቢታወቅማ ጥናቱ ባላስፈለገ! ጥናት የሚሠራው የትኛው እንደሚሻል ሐኪሞቹም እርግጠኛ ስላልሆኑ ነው፤ ታማሚው በዕጣ የሚደለደለውም ለዚሁ ነው። ዕጣው አስቀድሞ የተዘጋጀ ስለሆነ ሐኪሙ ለወደደው ታማሚ የወደደውን መድኃኒት ሊሰጥ አይችልም። «ለአንተ የሚስማማውን መርጠንልሃል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ጥናቱን አላወቀውም፣ ወይ እውነቱን አልነገራችሁም።

ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ሁለት ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በጎንደርና በአብዱራፊ፣ ኤችአይቪም ካላ አዛርም ባለባቸው 58 ታማሚዎች ላይ አንድ ጥናት ተካሂዶ ነበር። አንደኛው ቡድን በጊዜው ይመከር የነበረውን፣ በደም ሥር የሚሰጠውን አምቢዞም የተባለ መድኃኒት ብቻውን ወሰደ፤ ሌላው መጠኑ ዝቅ ያለ አምቢዞም ከሚልቴፎሲን እንክብል ጋር። የመጀመሪያው ዙር ሲያበቃ ጥገኛ ተሕዋሱ የጠፋላቸው በአምቢዞም ብቻ 50 በመቶ፣ በጥምሩ 67 በመቶ ነበሩ። ላልጠፋላቸው ሕክምናው ሲራዘም ደግሞ ውጤቱ 55 እና 88 በመቶ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ጥምሩን ለምሥራቅ አፍሪካ መክሯል። ደካማ ሆኖ የተገኘው እንግዲህ ሁሉም «የታወቀ ነው» ብሎ የሚተማመንበት ሕክምና ነበር።

ሁለተኛው ግን እንዲህ አልሆነም። በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በኡጋንዳ 439 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ለ14 ቀን የሚሰጥን የፓሮሞማይሲን መርፌና የሚልቴፎሲን እንክብል፣ በቀን ሁለት መርፌ ከሚወጋበት ነባር የ17 ቀን ሕክምና ጋር አነጻጸረ። ከስድስት ወር በኋላ የዳኑት በአዲሱ 91.2 በመቶ፣ በነባሩ 91.8 በመቶ ሆኑ። በማዳን አዲሱ አልበለጠም። ነገር ግን ከሁለቱ መርፌዎች አንዱን፣ ልብን የሚያስቸግረውን ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትን አስቀረ። በዚህ መርፌ መቀመጫው የቆሳሰለ ልጅ አገላብጣችሁ ብታዩ ይህን ትንሽ ነገር አትሉትም።

ታዲያ የተሳተፈ ሰው ካልተሳተፈው ይልቅ ይጠቀማል? እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የኮክሬን ግምገማ (ኮክሬን ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) በጥናት ውስጥ የታከሙትን፣ ከጥናት ውጭ ተመሳሳይ ሕክምና ካገኙ መሰል ታማሚዎች ጋር አነጻጽሮ ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። በጥናት መግባት በራሱ ተአምር አይሠራም፤ በራሱ አደጋም አይደለም። «ተመሳሳይ ሕክምና ካገኙ» የምትለዋን ሐረግ ግን በዋዛ አትለፏት። ከጥናቱ ውጭ የሚጠብቃችሁ ሕክምና መድኃኒቱ አንዳንዴ ያለ፣ አንዳንዴ የሌለ፣ ላብራቶሪው ዛሬ ሠርቶ ነገ «ኬሚካል አልቋል» የሚል ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል። ለዚህ ነው «ባልገባስ?» የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት የምለው።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ሆስፒታሉን በጠቅላላ ሲያዩት ነው። አሜሪካ ውስጥ ወደ ልብ የሚሄደው ደም በድንገት ሲያንስ በሚመጣ የልብ ሕመም የተኙ ታማሚዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሥራ፣ በጥናት በማይሳተፉ ሆስፒታሎች ከታማሚዎቹ 5.9 በመቶ፣ በጥቂቱ በሚሳተፉት 4.4 በመቶ፣ በብዛት በሚሳተፉት 3.5 በመቶ ሆስፒታል ውስጥ እንደሞቱ አሳይቷል። እንግሊዝ ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚዎችን መዝገብ ያየ ሌላ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ለዓመታት ሳያቋርጡ ብዙ ታማሚ በጥናት ያሳተፉ ሆስፒታሎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞትባቸው ያነሰ፣ አምስት ዓመት የሚኖርላቸው የበዛ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም ጥናት ውስጥ ያልገባውም ታማሚ ተቆጥሮ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሰፊ ግምገማ ደግሞ 33 ጽሑፎችን መርምሮ በ28ቱ ጥሩ ለውጥ አግኝቷል፤ ነገር ግን የታማሚው ውጤት ራሱ መሻሻሉን ያሳዩት ሰባቱ ብቻ ነበሩ፣ የተቀሩት የአሠራር መሻሻል ነው ያሳዩት። ቀድሞውንም ጠንካራ የሆነ ሆስፒታል ጥናት ይስባልና ሁሉንም ምስጋና ለጥናቱ መስጠት አይቻልም። እኔ ግን በዓይኔ የማየው አለ።

በጥናት ክፍል የአንድ ታማሚ ጠዋት ይህን ይመስላል። ከቁርስ በፊት ይመዘናል፤ ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን፣ ጫማና ጋቢ ወልቆ። የመርፌው መጠን በኪሎ ስለሚሰላ ሁለት ኪሎ ጋቢ ሁለት ኪሎ ስሕተት ነው። ከዚያ ይጋደምና ጣፊያው ይለካል፤ በግራ በኩል ከጎድን አጥንቱ ጠርዝ እስከ ጣፊያው ጫፍ ሜትር ይዘረጋል፣ ቁጥሩ በሴንቲ ሜትር ይጻፋል። ሲገባ እምብርቱን አልፎ የነበረው ጣፊያ ከቀን ወደ ቀን ሽቅብ ሲሰበሰብ ታማሚው ራሱ በእጁ እየዳሰሰ ያውቀዋል፤ አንዳንዱ ሳንለካው «ዛሬ ገባ ብላለች» ይለናል። እንክብሉን ዓይናችን እያየ ይውጣል። ካስመለሰው ሰዓቱ ይመዘገባል። «ጆሮህ ይጮኽብሃል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ፓሮሞማይሲን ጆሮን ሊጎዳ ይችላልና። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ተቆጣጣሪ አለብን። በየጊዜው መጥቶ መዝገቡን በጣቱ እየተከተለ ያነባል፣ ባዶ የቀረች አንዲት ሣጥን ካገኘ «ይህ ቀን የት ሄደ?» ይላል። በሻይ ሰዓት የሚወደው ሰው የለም። ነገር ግን እሱ ከመጣ ወዲህ ከጥናቱ ውጭ ባሉት አልጋዎችም ላይ የሙቀት መከታተያ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ አያድርም፤ የምንመዝነውና የማንመዝነው ብለን አንለይም፣ ያው እጅ ነውና የሚሠራው።

ስለዚህ ወንድማችሁ «መድኃኒቱ ምንድን ነው?» ብቻ ብሎ አይቀመጥ። ስለ ክትትሉም ይጠይቅ። በሳምንት ስንት ጊዜ ምርመራ አለው? ውጤቱ ለእሱ ይነገረዋል ወይስ ፋይል ውስጥ ብቻ ይቀራል? ሌሊት ቢብስበት ማን ይመጣል፣ በየትኛው ስልክ? ዕጣው የጣለለት መድኃኒት ካልሠራ ምን ይሰጠዋል? ይህች የመጨረሻዋ ከሁሉም ትበልጥብኛለች፤ በደንብ የታሰበበት ጥናት ምትክ ሕክምናውን ገና ከጅምሩ በቅጹ ላይ ይጽፋል። በጥናቱ ምክንያት ጉዳት ቢደርስበትስ የሚያሳክመው ማን ነው፣ መድን ተገብቶለታል ወይ? ከታማሚዎቹ አንዱ ቡድን ማስመሰያ፣ ማለትም መድኃኒትነት የሌለው እንክብል የሚወስድ ከሆነም ይነገረው። እንደ ካላ አዛር ባለ ገዳይ በሽታ ላይ ግን ታማሚን በማስመሰያ ብቻ ማስቀመጥ የማይታሰብ ስለሆነ፣ የሚነጻጸረው መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ነው።

ጥሩ ጠያቂ ማለት እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ ያሳየኝ አንድ የታማሚ አጎት ነው። ፊደል አልቆጠረም። ቅጹን አንብቤ ስጨርስ ዝም ብሎ ቆየና «ልጄ፣ ደሙን ወዴት ነው የምትወስዱት?» አለኝ። ብልቃጦቹን አወጣሁና አሳየሁት። «አባባ፣ ይችኛዋ ለኩላሊትና ለጉበቱ ናት፤ ያችኛዋ ለደም ማነሱ። አንዷ ብልቃጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብትይዝ ነው፤ ሁለቱም እዚሁ ላብራቶሪያችን ይመረመራሉ።» ራሱን ነቀነቀና «የተረፈውስ?» አለ። የተማሩ ሰዎች እንኳ የማያነሷት ጥያቄ ናት። የተረፈ ናሙና ይወገዳል፣ ወይስ ለሌላ ጥናት ይቀመጣል? ወደ ውጭ አገር ይላካል? ብዙ ጊዜ ለዚህ ብቻውን የቆመ የፊርማ ቦታ አለ፤ ታማሚው ዋናውን ጥናት ተቀብሎ ይህንን «አይሆንም» ማለት ይችላል። የወንድሙም ልጅ እንዲሁ አደረገ፤ ማንም አልተቀየመውም።

ፊርማው ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። ቅጹ ረጅም ነው፤ እኔ የምጽፈው ቢሆን ግማሹን በቆረጥሁት። ሕመሙ ፋታ የማይሰጥ ካልሆነ በቀር አድሮ መወሰን መብት ነው። ታማሚው ማንበብ የማይችል ከሆነ ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር ባለበት ይነበብለታል፣ በጣት አሻራው ይፈርማል፣ ምስክሩም ይፈርማል። የአልጋ ጎረቤት አስታማሚ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ወይም ባልደረባዬ ግን ልንሆን አንችልም። ከቅጹ አንድ ቅጂ ታማሚው እጅ ይቀራል። በእሱ ላይ የዋናው ተመራማሪ ስልክና ጥናቱን የፈቀደው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ስልክ መኖሩን እዩ፤ ሁለተኛው ቅሬታ ቢኖር ከተመራማሪው ውጭ የሚደወልበት ነው። ጥናቱ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ሊኖረው ይገባል።

ለጥናት መድኃኒትና ምርመራ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ። «በእርግጠኝነት ያድናል» ከተባላችሁም እንዲሁ። ቅጂ አንሰጥም፣ አሁኑኑ ካልፈረማችሁ አልጋ የለም ከተባለ፣ ወይም ለተሳታፊ የሚሰጠው ገንዘብ ከመጓጓዣና ከምግብ ወጪ አልፎ ሰውን የሚያማልል ሲሆን ጠርጥሩ። አንድ ስስ ነገርም አለ፦ ጥናቱን የሚያቀርበው ያው የሚያክመው ሐኪም ሲሆን ታማሚው እምቢ ለማለት ያፍራል። «ዶክተሩን አላስቀይምም» ብሎ ብቻ የፈረመ ሰው አልተስማማም። እንዲህ ከመሰላችሁ ሌላ ሰው እንዲያስረዳው ጠይቁ።

ከገባ በኋላ የሚያስቸግረው ፈጽሞ ያልጠበቃችሁት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ጾም። ሚልቴፎሲን ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ሆድ ይረብሻል፣ ያስመልሳል። ታማሚዎቻችን ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ የጠዋቱን እንክብል በባዶ ሆድ ውጠው ለእኛ «በልቻለሁ» ይሉናል። መከራከር አይጠቅምም። የሚጠቅመው ገና ሲገባ የንስሐ አባቱን በስልክ ማግኘት ነው፤ ለበሽተኛ የሚፈቀደውን ከእሳቸው አፍ ሲሰማ ሕሊናው ያርፋል። ጸበሉም እንዲሁ ነው። ጸበል ጠጣ ብላችሁ ብትልኩለት እኛ አንቆጣም፤ ነገር ግን ይንገረን። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ከቤት በላስቲክ ተቋጥሮ የሚመጣ የሥር መድኃኒት ነው። የጉበቱ ምርመራ ድንገት ከፍ ሲል መድኃኒታችን ይሁን ሥሩ መለየት አንችልም፤ ሕክምናው ሊቋረጥበትም ይችላል።

ሴት ታማሚ ስትሆን ተጨማሪ ነገር አለ። ሚልቴፎሲን ጽንስን ስለሚጎዳ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል፣ ሕክምናው ካለቀም በኋላ ለወራት የእርግዝና መከላከያ ያስፈልጋል። ይህ ያላገባች ልጅ አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። እህት ወይም አክስት ከሆናችሁ፣ «ብቻዋን አነጋግሩልኝ» ማለት የእናንተ ድርሻ ነው።

መውጣት ይቻላል፤ ምክንያት መስጠትም ግዴታ አይደለም። የወጣ ሰው መደበኛ ሕክምናውን አያጣም። ነገር ግን ሌሊት ተነሥቶ ከአልጋው አይጥፋ። በሕክምናው መሐል ካቋረጠ በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል፤ «መውጣት ፈልጌያለሁ» ካለ ወደ መደበኛው ሕክምና በሥርዓት ይሻገራል።

ጥናቱን አልፈልግም ያለ፣ ወይም መስፈርቱን ሳያሟላ የቀረ ታማሚ ቤተሰብስ? የጥናቱን ልማድ ወስዳችሁ ለራሳችሁ ተጠቀሙበት። አንድ ደብተር ግዙና ቀኑን፣ ክብደቱን፣ ሙቀቱን፣ የተሰጠውን መድኃኒት ስምና መጠን፣ የሽንቱን መቀነስ፣ ማስመለሱን ጻፉ። «ዛሬ ስንት ኪሎ ሆነ? መድኃኒቱ በዚህ ኪሎ ተሰላ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ደብተር ይዞ የሚጠይቅ አስታማሚ አጠገብ ነርሷም ሐኪሙም ነቃ ብለው ይሠራሉ፤ ከራሴ አውቀዋለሁ። በየጊዜው የሚደረገው ምርመራ ከተዘለለ ቀኑን ጠርታችሁ አስታውሱ። ሲወጣም የማጠቃለያ ወረቀቱንና የሚመለስበትን ቀን ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ።

ውጭ አገር ላላችሁ የተለየ ሥራ አለ። ታማሚው የስምምነት ቅጹን ገጽ በገጽ በስልኩ አንሥቶ ይላክላችሁ። የጥናቱን የምዝገባ ቁጥር ፈልጉና በፓን አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ወይም በአሜሪካው ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ላይ አስገቡት፤ ሁለቱም በነጻ ይታያሉ። ማን እንደሚያካሂደው፣ የት የት እንዳለ፣ ምን እንደሚለካ ታገኛላችሁ። በቅጹ ላይ የተጻፈውና በመዝገቡ ላይ ያለው ከተለያየ በዋናው ተመራማሪ ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ጥናቱ ሲያልቅ ውጤቱ ለተሳታፊዎች እንዴት እንደሚነገርና የተሻለው መድኃኒት በኋላ ለእነርሱ ይደርስ እንደሆነም ያኔውኑ አንሡ። ተሳታፊ ውጤቱን የማወቅ መብት አለው፤ ካልጠየቀ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም።

የመጨረሻው የስድስተኛ ወር ቀጠሮ ነው። ካላ አዛር የጠፋ መስሎ ያገረሻል፤ አንዳንዱም ከዳነ በኋላ ቆዳው ላይ ሽፍታ ይወጣበታል። ታማሚው ግን «ድኛለሁ፣ ምን ላደርግ ልምጣ?» ይላል፤ ከቆላ ድረስ መመላለሱ ለእሱ ቀላል አይደለም። ጥናቱ የመጓጓዣ ወጪውን የሚተካለት ከመጣ በኋላ ከሆነ መነሻውን እናንተ ቀድማችሁ ላኩለት። ቀጠሮው መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ከዋለ የሰሊጥ አጨዳ ስለሚሆን አሠሪው ላይለቀው ይችላል። ያኔ ዝም ብሎ ከመቅረት የጥናት ክፍሉን ስልክ ይደውል፤ ከቀጠሮው ቀን በፊትና በኋላ የሚፈቀዱ ጥቂት ቀናት አሉ፣ ቀድሞ ከነገረን ለእሱ የሚመቸውን እናስይዝለታለን።